ጥብቅ ሕግ ወይስ አድሏዊ ሕግ? በወረርሽኝ ጊዜ ሕዝብን የሚያስቆጣው ምንድን ነው?

(እዚህ የተጠቀሱት ወሮችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኖቬምበር 2025 የብሪታንያ የኮቪድ አጣሪ ኮሚሽን መንግሥት በወረርሽኙ ጊዜ ውሳኔ ይሰጥ የነበረበትን መንገድ የመረመረበትን ሪፖርት ይፋ አደረገ። የሪፖርቱ ዋና መልእክት አጭር ነው፤ የተደረገው ነገር እጅግ ጥቂት ነበር፣ እሱም ዘግይቶ ነው የመጣው። የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ገደብ በአንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ቢታወጅ ኖሮ፣ በመጀመሪያው ማዕበል እንግሊዝ ውስጥ ብቻ 23,000 ያህል ሰው ከሞት ይተርፍ ነበር ይላል። ፌብሩዋሪ 2020ን ደግሞ «የባከነ ወር» ብሎታል።

ሪፖርቱ ሲወጣ ሁለት ዓይነት ሰው ተቆጣ። ዘመድ የሞተባቸው ሰዎች «ከመጀመሪያም ብለን ነበር» አሉ። ገደቡን ከመጀመሪያው የተቃወሙት ደግሞ «ቁጥሩ በሒሳብ ቀመር የተሠራ ግምት ነው፣ ገደቡ ራሱ ያደረሰውን ጉዳት ማን ቆጠረው?» ብለው ጠየቁ። ሌላው ሁሉንም ታዝቦ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ ያልፋል።

ነገሩ ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። አንዱ መንግሥትን «ለምን አልጨከንክም» ብሎ ይከሰዋል፣ ሌላው «ለምን ጨከንክ» ይለዋል። በሕዝብ ንግግር ውስጥ ግን ሁለቱም «ሕዝቡ በመንግሥት ምላሽ ተማሯል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቀለላሉ። ምሬቱን ዘርዘር አድርገን ካየነው ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ብዙ አገሮች ውስጥ ሰውን ከሁሉ በላይ ያስቆጣው የሕጉ ጥብቅነት ወይም ልልነት አልነበረም። ሕጉ ለሁሉም እኩል አለመሆኑና ባለሥልጣናት የማያውቁትን እንደሚያውቁ ሆነው መናገራቸው ነበር።

መጀመሪያ ድጋፍ፣ ኋላ ምሬት

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ዓለም አቀፍ የጤና ስጋት ብሎ ያወጀው በጃንዋሪ 30 ቀን 2020 ነው። ማርች 11 ላይ «ወረርሽኝ» አለው። የስጋት አዋጁን ያነሳው ሜይ 5 ቀን 2023 ነው። ከሦስት ዓመት በላይ ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ መሪዎች ያልጠበቁት ድጋፍ አገኙ። የፖለቲካ ተመራማሪዎች ይህን «ባንዲራ ሥር መሰባሰብ» ይሉታል። አደጋ ሲመጣ ሰው ልዩነቱን ወደ ጎን ይተውና ለጊዜው መሪውን ይከተላል። ድጋፉ ግን ብድር እንጂ ስጦታ አይደለም። መንግሥት «ሁለት ሳምንት ታገሡ» ብሎ ሁለት ወር ሲሆን፣ «ይህ የመጨረሻው ነው» ብሎ ሌላ ገደብ ሲመጣ፣ አበዳሪው ገንዘቡን መጠየቅ ይጀምራል።

ድካሙ ብቻውን ግን ሁሉንም አያብራራም። በተመሳሳይ ጊዜ የደከሙ አገሮች እኩል አልተቆጡም።

ያልመጣ አደጋ አይታይም

የወረርሽኝ ፖለቲካ አንድ ክፉ ባሕርይ አለው። ሥራው በደንብ ከተሠራ ምንም ነገር አይታይም። የጤና ባለሙያዎች ይህን «የዝግጅት አያዎ» ይሉታል። አያዎ ማለት እርስ በርሱ የሚጣረስ የሚመስል እውነት ነው። መንግሥት ቀድሞ እርምጃ ወስዶ በሽታው ካልተስፋፋ ሰው «ታዲያ ያ ሁሉ ግርግር ለምን ነበር?» ይላል። ካልወሰደና ከተስፋፋ ደግሞ «የት ነበራችሁ?» ይላል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሐሳብ አይደለም። በ1976 አሜሪካ ውስጥ በአንድ የጦር ካምፕ አዲስ የኢንፍሉዌንዛ ዝርያ ተገኘ፤ አንድ ወታደርም ሞተ። የፕሬዚዳንት ፎርድ አስተዳደር ሕዝቡን ለመክተብ ወሰነ። ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ተከተበ። የተፈራው ወረርሽኝ ግን ሳይመጣ ቀረ። በተከተቡ ሰዎች ላይ ደግሞ «ጊላን ባሬ» የተባለው የነርቭ ሕመም ከተለመደው ጨምሮ ታየ። ዘመቻው በዲሴምበር ቆመ፣ የበሽታ መከላከያ ማዕከሉ ኃላፊም ከሥራቸው ተነሡ።

የፈረንሳይ ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። በ2009 የአሳማ ጉንፋን ሲመጣ የጊዜው የጤና ሚኒስትር ሮዝሊን ባሽሎ 94 ሚሊዮን ዶዝ ክትባት አዘዙ። በሽታው ከተፈራው ቀለል ብሎ አለፈ። አብዛኛው ክትባት ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ሚኒስትሯ «ገንዘብ አባከኑ» ተብለው ለዓመታት መሳቂያ ሆኑ። ፈረንሳይ በዚያ ዘመን ለክፉ ቀን ያከማቸችው የቀዶ ሕክምና ጭምብል 1 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ኮቪድ ሲገባ መጋዘን ውስጥ የተገኘው 117 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። ክምችቱ የሳሳባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ የበጀት ቁጠባም፣ የአሠራር ለውጥም አለበት። ግን በ2009 «አበዛችሁት» የተባለ ቢሮክራሲ ሁለተኛ ማብዛት እንደሚፈራ መገመት አይከብድም። በ2020 ነርስና ሐኪም ጭምብል ሲያጡ ሕዝቡ በተራው «ለምን አላከማቻችሁም?» ብሎ ተቆጣ።

ይህ ለመንግሥታት ማመካኛ አይደለም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር በፖለቲካ ሒሳብ ለምን ውድ እንደሆነ ግን ያሳያል። በቅጠል የጠፋውን እሳት ማንም አይቆጥረውም።

«ጭምብል አያስፈልግም»፣ ከዚያ «ጭምብል ግዴታ ነው»

በፌብሩዋሪ 2020 መጨረሻ የአሜሪካ ዋና የሕዝብ ጤና ኃላፊ ጄሮም አዳምስ ሕዝቡ ጭምብል መግዛት እንዲያቆም በትዊተር ጻፉ። ለተራው ሰው ጥቅም የለውም ማለታቸው ነበር። በዚያው መልእክት ግን የጤና ባለሙያዎች ካጡት ሁላችንም አደጋ ላይ ነን አሉ። አንባቢው ወዲያው ጠየቀ፤ ለእኔ የማይጠቅም ነገር ለሐኪሙ እንዴት ይጠቅማል? ኤፕሪል 3 ላይ የዚያው አገር የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን እንዲሸፍን መከረ። የዓለም ጤና ድርጅትም ጁን 5 ላይ ምክሩን ለወጠ።

ምክር መለወጡ ነውር አይደለም። አዲስ በሽታ ላይ መረጃ በየሳምንቱ ይለወጣል፤ ምክሩም አብሮ ካልተለወጠ ነው ችግሩ። ነውሩ ያለው የመጀመሪያው ምክር በተነገረበት ድምፅ ላይ ነው። «ጭምብሉ እጥረት ስላለ ለሐኪሞች እንተውላቸው፤ ለእናንተ ምን ያህል እንደሚጠቅም ገና እያጠናን ነው» ቢባል ሰው ይረዳ ነበር። የተባለው ግን ሌላ ነው። እጥረቱን ለመሸፈን ሳይንሱ እርግጠኛ የሆነ ተመሰለ።

የአየሩ ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በማርች 2020 መጨረሻ ኮቪድ በአየር ላይ ተንሳፎ አይተላለፍም ሲል በማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ በደማቁ ጻፈ። በጁላይ 239 ሳይንቲስቶች ይህ እንዲታረም በግልጽ ደብዳቤ ጠየቁ። ድርጅቱ በግልጽ ቋንቋ እስኪያስተካክለው 2021 ገባ። በዚህ መሐል በብዙ አገር ሰው የበር እጀታና የገበያ ዕቃ ሲወለውል ከረመ። ነፋሻ መናፈሻዎችና የባሕር ዳርቻዎች ተዘጉ፤ መስኮት የማይከፈትባቸው ክፍሎች ግን ብዙ አልተነገረባቸውም። ዜጋው የታዘዘውን አድርጎ፣ የታዘዘው ዋናው ነገር እንዳልነበረ በኋላ ሲሰማ «ቀጣዩን ትእዛዝ ለምን ልመን?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ሕጉ ለማን ነው?

ከሁሉ የከበደው ግን ይሄኛው ይመስለኛል።

ብሪታንያ በማርች 23 ቀን 2020 ሰዎች ቤታቸው እንዲቀመጡ አዘዘች። ከጥቂት ቀናት በኋላ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዋና አማካሪ ዶሚኒክ ከሚንግስ ከለንደን ወደ ሰሜን እንግሊዝ ቤተሰባቸውን ይዘው ነዱ። ነገሩ በሜይ ተጋለጠ። እሳቸው ያደረግሁት ምክንያታዊ ነው አሉ፤ ሥራቸውንም አልለቀቁም። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ያሉ ተመራማሪዎች በዚያው ወቅት የሕዝቡን ስሜት በየቀኑ ይከታተሉ ነበር። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ እንዳሳየው፣ እንግሊዝ ውስጥ መንግሥት ወረርሽኙን በመቆጣጠሩ ላይ ያለው እምነት ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በግልጽ ወደቀ። የራሳቸው መንግሥት ባላቸው ስኮትላንድና ዌልስ፣ ነዋሪው ለራሱ መንግሥት ያለው እምነት በዚያ ልክ አልወደቀም። ቫይረሱ አንድ ነው፤ ገደቡም ይቀራረባል። የተለየው አንድ ሰው ከሕጉ በላይ ሆኖ መታየቱ ነው።

ከዚያ «ፓርቲጌት» መጣ። በ2021 መጨረሻ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮና በአካባቢው በገደቡ ወቅት ግብዣዎች መደረጋቸው ወጣ። ከነዚህ መሐል በኤፕሪል 2021፣ በልዑል ፊልጶስ ቀብር ዋዜማ የተደረጉ ነበሩ። በማግስቱ ንግሥቲቱ ባላቸውን ሲቀብሩ፣ ሕጉን አክብረው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻቸውን ተቀመጡ። ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተጨማሪ ማብራሪያ አላስፈለገም። ፖሊስ 126 የገንዘብ ቅጣት ወረቀት ቆረጠ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰንም ከተቀጡት አንዱ ነበሩ። በጁላይ 2022 ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። የቅርቡ ምክንያት ሌላ ቅሌት ነበር፣ የተሸረሸረው እምነት ግን ከዚህ ይጀምራል።

ፔሩ ውስጥ ታሪኩ በክትባት መጣ። በፌብሩዋሪ 2021 ክትባት ለሐኪሞች እንኳ ገና እየተጀመረ ሳለ፣ 487 ሰዎች ለሙከራ ከመጣ የቻይና ክትባት በድብቅ ወስደው ተገኙ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ማርቲን ቪስካራ፣ የጤና ሚኒስትሯና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ከነሱ መካከል ነበሩ። ሁለቱም ሚኒስትሮች ለቀቁ።

እነዚህ ቅሌቶች በቁጥር ሲታዩ ትንሽ ናቸው። ጥቂት ግብዣና ጥቂት መቶ መርፌ የወረርሽኙን መጠን አይለውጡም። ግን እናቱን በስልክ ተሰናብቶ የቀበረ ሰው የሚያስበው ስለ ወረርሽኝ መጠን አይደለም። እሱ ሕጉን ያከበረው ሁሉም ያከብረዋል ብሎ ነው። ሲያወጡት የነበሩት ራሳቸው እንዳላከበሩት ሲያውቅ፣ የከፈለው ዋጋ ሞኝነት ሆኖ ይታየዋል። ለዚህ ነው ቁጣው ከግብዣው በላይ የገዘፈው።

እኩል ሕግ፣ እኩል ያልሆነ ሸክም

አድልዎ ሁልጊዜ በግብዣ አይመጣም። አንዳንዴ ሕጉ ለሁሉም አንድ ሆኖ፣ ሸክሙ ግን አንድ አይሆንም።

ፔሩ በማርች 2020 አጋማሽ በአካባቢዋ ካሉት ቀዳሚና ጥብቅ ገደቦች አንዱን አወጀች። በወረቀት ሲታይ አርአያ ነበረች። ነገር ግን ከአሥር ሠራተኛ ሰባቱ ያህል የዕለት ገቢውን ከመደበኛው ኢኮኖሚ ውጭ ነው የሚያገኘው። ብዙ ቤት ማቀዝቀዣ ስለሌለው የሳምንት አስቤዛ መሸመት አይቻልም፤ ሰው በየቀኑ ገበያ ይወጣል። የመንግሥት ድጎማ ሲመጣ ደግሞ ብዙው ተቀባይ የባንክ ሒሳብ ስላልነበረው በባንክ ደጃፍ ተሰለፈ። ገደቡ ያራቀውን ሰው ሰልፉ አቀራረበው። በሜይ 2021 መጨረሻ መንግሥት የሟቾችን ቁጥር እንደገና ሲቆጥር ከ69,000 ገደማ ወደ 180,000 በላይ አሻገረው። ከሕዝብ ብዛት አንጻር በጊዜው በዓለም ከፍተኛው ነበር።

ሕንድም በማርች 24 ቀን 2020 ማታ ገደብ ስታውጅ ለሕዝቡ የሰጠችው የአራት ሰዓት ጊዜ ነው። ከገጠር መጥተው በከተማ የሚሠሩ ሚሊዮኖች ሥራም ትራንስፖርትም አጥተው ቀሩ። ብዙዎች በመቶዎች ኪሎ ሜትር በእግር ወደ ቀያቸው ተመለሱ። ቤት መቀመጥ ለደመወዝተኛ ትእዛዝ ነው፤ ለዕለት ሠራተኛ ጾም ነው።

መተንፈሻ ሲጠፋ

በቻይና ቁጣው የተከማቸው ሌላ መንገድ ተከትሎ ነው። «ዜሮ ኮቪድ» የሚባለው ፖሊሲ አንድም በሽተኛ እንዳይኖር በጅምላ ምርመራና በመዝጋት የሚሠራ ነበር። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ብዙ ዜጋም ደግፎታል። ኦሚክሮን የተባለው በፍጥነት የሚዛመት ዝርያ ሲመጣ ግን ስሌቱ ተለወጠ፣ ፖሊሲው ግን አልተለወጠም። በኖቬምበር 24 ቀን 2022፣ ከመቶ ቀን በላይ በገደብ ሥር በነበረችው ኡሩምቺ ከተማ፣ አንድ ሕንፃ ተቃጥሎ 10 ሰዎች ሞቱ። ገደቡ መውጫቸውን እንደዘጋባቸው ብዙዎች አመኑ፤ ባለሥልጣናት አስተባበሉ። ሰዎች በተለያዩ ከተሞች ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት ይዘው ወጡ።

ዲሴምበር 7 ላይ መንግሥት አብዛኛውን ገደብ በአንድ ጊዜ አነሳ። ብዙ አረጋውያን ማጠናከሪያ ክትባት ሳይወስዱ ነበር። ባለሥልጣናት ራሳቸው በቀጣዩ አንድ ወር ገደማ በሆስፒታል ብቻ 60,000 ያህል ሰው ከኮቪድ ጋር በተያያዘ መሞቱን ተናገሩ። ቀስ በቀስ የሚነገርበት መንገድ የሌለው ቅሬታ ሲፈነዳ፣ መልሱም ሳይታሰብበት በድንገት ይመጣል።

ተቃራኒ አስተያየቶች

መንግሥታትን የሚከላከሉ ሰዎች ሁለት ክርክር አላቸው። አንደኛው፣ ነገር ካለፈ በኋላ ሁሉም ጠቢብ ነው የሚል ነው። በማርች 2020 ምርመራ እጥረት ነበር፣ መረጃው ጎደሎ ነበር። ይህ እውነት ነው። የብሪታንያው 23,000ም ከሒሳብ ሞዴል የመጣ ነው፤ እንደ ትክክለኛ ቆጠራ መያዝ የለበትም። ክርክሩ ግን በገደቡ ወቅት የተደረገውን ግብዣ አይሸፍንም፤ የጎደለውን መረጃ እንደተሟላ አድርጎ ማቅረብንም አይሸፍንም።

ሁለተኛው፣ ቁጣው በሐሰተኛ ወሬ የተነፋ ነው የሚል ነው። ይህም በከፊል ልክ ነው፤ ክትባት ሰውነት ውስጥ ቺፕ ይቀብራል የሚለው ወሬ ከምንም ተነስቶ ዓለምን ዞሯል። ግን ሐሰተኛ ወሬ በደረቅ መሬት ላይ ብዙ አይበቅልም። ኦፊሴላዊው ድምፅ አንዴ ተሳስቶ ሳያርም ሲቀር፣ ጎረቤት ያወራው እኩል ክብደት ያገኛል።

እኔ ያልኩትን የሚፈትን አገርም አለ። ኒው ዚላንድ ውስጥ ማብራሪያው ግልጽ ነበር፣ መሪዎቹም በአንጻሩ ሕጉን ያከብሩ ነበር። የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር የጃሲንዳ አርደርን ፓርቲ በኦክቶበር 2020 ምርጫ ግማሽ ያህሉን ድምፅ አገኘ። ሆኖም በፌብሩዋሪ 2022 ተቃዋሚዎች የፓርላማውን ግቢ ለሦስት ሳምንት ገደማ ይዘው ተቀመጡ። መነሻው የክትባት ግዴታ ነበር፤ አንዳንዱ ባለመከተቡ ሥራውን አጥቷል። ሐቀኝነትና እኩልነት ቁጣን ይቀንሳሉ እንጂ አያጠፉም ማለት ነው። ግዴታው የሰውን እንጀራ ሲነካ ጥብቅነቱ ራሱ ጥያቄ ይሆናል።

ስዊድን ደግሞ በሌላው ጫፍ ናት። ቤት ዘግቶ ከማስቀመጥ ይልቅ በምክር ላይ ተመሠረተች። የራሷ ኮሚሽን በ2022 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት በፈቃደኝነት ላይ መመሥረቱ በመሠረቱ ልክ ነበር አለ፤ ግን በመጀመሪያው ወቅት እርምጃው ጥቂትና ዘገምተኛ እንደነበር፣ አረጋውያንንም መጠበቅ እንዳልተቻለ ጻፈ። አንድ ሪፖርት ሁለቱንም መናገር መቻሉ በራሱ የሚደነቅ ነው።

እምነት ስንት ያወጣል?

ከወረርሽኙ በፊት፣ በ2019፣ የዓለም አገሮች ለወረርሽኝ ያላቸው ዝግጅት ደረጃ ወጥቶለት ነበር። አንደኛ አሜሪካ፣ ሁለተኛ ብሪታንያ። ውጤቱን ሁሉም ያውቀዋል። በ2022 መጀመሪያ ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት 177 አገሮችን አነጻጽሮ፣ የዝግጅት ነጥብ ከኢንፌክሽን መጠን ጋር ግልጽ ዝምድና እንዳልነበረው አገኘ። ዝምድና የታየው ሰው በመንግሥቱና እርስ በርሱ ካለው መተማመን ጋር ነው። የእርስ በርሱ መተማመን ደግሞ ይበልጥ ጠንካራ ሆኖ ተገኘ። ዝምድና ምክንያት ነው ማለት አይደለም፤ አጥኚዎቹም ይህንን ጠቅሰዋል። ግን ላቦራቶሪና መጋዘን ብቻ እንደማይበቁ ይጠቁማል።

ቁጣው አሁን የት ገባ?

አንዱ የገባበት ቦታ ሕግ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2021 መገባደጃ ከግማሽ በላይ የሆኑ ግዛቶች የጤና ባለሥልጣናትን ሥልጣን የሚገድብ ሕግ አውጥተው ነበር። ደጋፊዎቹ ያልተመረጠ ባለሙያ ትምህርት ቤት መዝጋት የለበትም ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ኩፍኝ ቢነሳስ ማን ፈጥኖ ያዝዛል ብለው ይጠይቃሉ።

ሌላው የወረርሽኝ ስምምነቱ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በሜይ 20 ቀን 2025 አጸደቀው፤ በዋዜማው ኮሚቴ ድምፅ 124 አገሮች ደገፉ፣ 11 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፣ የተቃወመ አልነበረም። ስምምነቱ ክትባት አምራቾች በወረርሽኝ ጊዜ ከሚያመርቱት 20 በመቶውን ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲያቀርቡ ያለመ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ ግማሹ በነፃ። ይህ ድሃ አገሮች በ2021 ክትባት ሲጠብቁ የተሰማቸው ቁጣ ውጤት ነው። አገሮች የቫይረስ ናሙና ሲያጋሩ በምላሹ የሚያገኙትን የሚወስነው ክፍል ግን በዚያ ቀን አልተጠናቀቀም፤ ለተጨማሪ ድርድር ተትቷል።

በሰነዱ ውስጥ ሌላም አንቀጽ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮችን ድንበር እንዲዘጉ፣ ክትባት እንዲያስገድዱ ወይም የእንቅስቃሴ ገደብ እንዲጥሉ የማዘዝ ሥልጣን እንደማይኖረው በግልጽ ይናገራል። ድርጅቱ ከዚያ በፊትም ይህ ሥልጣን አልነበረውም። አንቀጹ የገባው ድርጅቱ የአገር ሉዓላዊነት ሊወስድ ነው የሚለውን ስጋት ለማብረድ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ወረርሽኝም የመዝጋትና የመክፈት ውሳኔ የሚሰጡት፣ በዚህኛው ጊዜ እምነት ያጡት ብሔራዊ መንግሥታት ራሳቸው ናቸው።